ነገርን ከሥሩ

ስማኝ ልጄ። ያን ዕለት አጅባር ገበያ ዳር ከእኩዮችህ ጋር ስትሟገት ሰምቼሃለሁ። «ልጅ ኢያሱ ሰለሙ፣ ስለዚህ ወረዱ» ብለህ ዘጋኸው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ አንተ ከጫፉ ያዝከው።

ሥሩ ለንደን ነው። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ምኒልክን ሳያስፈቅዱ ተዋዋሉ፤ እንግሊዝ ዓባይን፣ ፈረንሳይ የጅቡቲን ባቡር፣ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኘውን መሬት የየግላቸው ጉዳይ አደረጉ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።» ስምንት ዓመት ሳይሞላ ታላቁ ጦርነት ፈነዳ። ቱርክ ከጀርመን ጋር ቆመች፤ ሱልጣኗም ጅሃድ አወጀ። የምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ለቱርክ ቆንስልና እንግሊዝን ለሚወጋው ለሶማሌው ሰይድ መሐመድ ፊት መስጠታቸው ሱዳንን፣ በርበራንና ጅቡቲን የያዙትን እንግሊዝንና ፈረንሳይን እንቅልፍ ነሳቸው። በ1909 መስከረም መግቢያ የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች አብረው የክስ ደብዳቤ ጻፉ። መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ልጅ ኢያሱን አውግዘው መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ፤ ልጅ ኢያሱም ወረዱ።

ደብዳቤው ብቻውን ግን ማንንም ከዙፋን አያወርድም። ልጅ ኢያሱ በነሐሴ ደጃዝማች ተፈሪን ከአባታቸው አገር ከሐረር አንስተው ወደ ከፋ ሾመዋቸው ነበር። የሸዋ መኳንንት ሹመታቸው ሲሸሽ እያዩ ነበር። ልጅ ኢያሱም ከተማውን ትተው ወራት በቆላ ይከርሙ ነበር፤ የወሎ ልጅ ነኝ ብለህ ይህን አትሸፍን።

የሃይማኖት ጦርነት ነበር የሚልህን አንድ ነገር ጠይቀው፤ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ለልጃቸው ለኢያሱ የተዋጉት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ክርስቲያን አልነበሩም? በሰንሰለት አዲስ አበባ የገቡት እኚያው ናቸው። ልጅ ኢያሱ ጥምጥም ያደረጉበት ፎቶ፣ የእስላም ሚስቶቻቸው ወሬ፣ ሁሉም ከወረዱ በኋላ ክብደቱ ጨመረ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታላ።

የተቃወሟቸውንም ሁሉ የፈረንጅ ተላላኪ አትበል፤ ያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አገሪቱን በየወገኑ የከበቧት እነዚያው ሦስት መንግሥታት ነበሩ፣ የጦር መሣሪያም በእነሱ ወደብ ነበር የሚገባው። የጦር ሚኒስትሩን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የመሰለ ሰው ይህን ሳያሰላ አድሯል ብዬ አላምንም።

እንግዲህ ወደ ሙግቱ ስትመለስ መጀመሪያ የለንደኑን ውል አንብብ። ቀጥለህ የሌጋሲዮኖቹን ደብዳቤ። የመስቀሉን ዕለት ውግዘት መጨረሻ ላይ አድርገው።