ካኪና አቡጄዲ

ባለፈው ቅዳሜ ጥቂት ሆነን መርካቶ ወርደን ነበር። አንድ ጨርቅ ሻጭ ካኪና አቡጄዲ ጎን ለጎን ዘርግቶ ይለካል። ከካኪው የመኮንን ልብስ ይሰፋል፤ ትከሻው ላይ ኮከብ ይወጣበታል። አቡጄዲው ግን ተቀዶ ፋሻ ይሆናል፤ ከከፋም ከፈን። ኮከብ የሚያርፍበት ትከሻ የለውም። «ለመሆኑ በጦር ሜዳ ቁስለኛ የምታስታምም ነርስ ማዕረግ ያስፈልጋታል?» የሚለውን ክርክር የጀመርነው እዚያው ቆመን ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ «ምሕረት ኮከብ አያሻትም! አድዋ ላይ ማን ማዕረግ ጠየቀ?» አለ። እውነቱን ነው። በ1888 ዓ.ም. ሴቶቻችን ውሃ በእንስራ ተሸክመው ቁስለኛ ሲያነሡ ሹመት አልጠበቁም። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ምዕራብ ወርደው ከጥቁር አንበሶች ጋር ቁስለኛ ረድተዋል። ልዕልት ፀሐይስ? ልዕልትነቱን ከአባታቸው አገኙት፤ ነርስነቱን ግን በስደት ሳሉ ለንደን ላይ ሕፃናት እያስታመሙ ተማሩት። በ1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በኋላ የሠራዊቱ ሆነ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው።

ታዲያ ማዕረግ ምን ይሠራል? አሜሪካኖቹን እንይ፤ ዘመኑን በፈረንጅ እንቁጠር። ጦሩ የነርሶችን ክፍል በ1901 አቋቋመ፣ ማዕረግ ግን አልሰጠም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነርሷ «ይህን ፋሻ ለውጥ» ብላ ብታዝ፣ ድሬሰሩ «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ሊላት ይችላል። በ1920 «አንጻራዊ ማዕረግ» የሚሉት ነገር መጣ። ምልክቱ ትከሻ ላይ ወጣ፤ የመኮንን ደመወዝና ሙሉ መብት ግን ቀረ። ሙሉው ማዕረግ በጊዜያዊነት በ1944፣ በቋሚነት በ1947 ነው የመጣው።

እኛ እንዲህ እንላለን፤ «ምሕረት ማዕረግ አያሻትም» ማለት ምስጋና ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ዕዳ መካጃ ነው። ዕዳውን ደግሞ የምትከፍለው ነርሷ ብቻ አይደለችም፤ ቁስለኛውም ይከፍላል። እጁ የተጫረ ሻምበልና ደሙ የሚፈስ ተራ ወታደር እኩል ደረሱ እንበል። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው የሕክምናው አጣዳፊነት ብቻ ነው ይላል። ጥሩ! ግን «ሻምበል፣ ይታገሡ» የምትለው ማን ናት? ትከሻዋ ባዶ የሆነ? ያን ጊዜ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ወታደሩም ይሞታል።

ጓደኛችን እንደገና ተነሣ፤ «ኮከብ ያደረገች ነርስስ ከቁስሉ በፊት ኮከቡን ብታይ? ማዕረግ እኮ ወደ ላይ ሰላምታ መስጠትንም ያስተምራል!» ይህን ፍርሃት አንክድም፤ የሰው ነገር ነው። መልሳችን ግን አንድ ነው። ማዕረጉ የሚሰጣት እንድትከበር ብቻ አይደለም፤ ባለ ኮከቡን አስጠብቃ ባዶ እግሩን የመጣውን እንድታስቀድም ነው። ይህን ካላደረገችበት ኮከቡ የቆርቆሮ ጌጥ ነው።

ስንወጣ ሻጩን፣ «አባባ፣ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?» አልናቸው። «ልጆቼ፣ እኔ ሁለቱንም የምለካው በአንድ ሜትር ነው» አሉን።

የማይስማማ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።