«ኧረ ራሴን!» ማለት ሶብር ማጣት ነውን?



ራስ ምታት ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። ቡና ሲቀርብን ያመናል፣ በረመዷን የመጀመሪያ ቀናት ያመናል፣ ፈተና ሲደርስ ያመናል። አንድ ኪኒን ውጠን ወይም ትንሽ ተኝተን እንነሳለን። ዛሬ የማነሳላችሁ ህመም ግን ከዚህኛው ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ክላስተር የራስ ምታት ይባላል።

የሚይዘው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በአንድ ዓይን ዙሪያና ከዓይኑ ጀርባ። ያ ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ ቆቡ ይወርዳል፤ በዚያው በኩል ያለው የአፍንጫ ቀዳዳ ይደፈናል ወይም ይፈሳል። ካልታከመ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። በሁለት ቀን አንዴ ሊመጣ ይችላል፤ በቀን እስከ 8 ጊዜ የሚመላለስበትም አለ። የሚያስገርመው ሰዓት አክባሪነቱ ነው። ብዙዎችን እንቅልፍ በወሰዳቸው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በየሌሊቱ በዚያው ሰዓት ይቀሰቅሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ላይ የተሠራ የአንጎል ምስል ጥናት ህመሙ ሲነሳ የሰውነትን ሰዓት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ፣ አብሮ እንደሚነሳ አሳይቷል። ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲህ ያሰቃይና ድንገት ይጠፋል፤ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ጥቂቶችን ዓመቱን ሙሉ ፋታ አይሰጣቸውም። ከ1000 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው። ማለትም በእናንተ ዕድሜ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት 1604 ታማሚዎችን በሕይወታቸው ያዩትን ህመም ሁሉ ከ10 እንዲመዝኑ ጠይቆ ነበር። ለክላስተር የሰጡት በአማካይ 9.7 ነው። ለምጥ 7.2። እህቶቼ፣ እናንተ ፍረዱ።

ማይግሬን ያለበት ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ይፈልጋል። ይኼኛው ግን አያስቀምጥም። ሰውየው ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ ይወዛወዛል፣ ራሱን በእጁ ይመታል፣ አንዳንዱም ከግድግዳ ያጋጫል። በኛ አገር ይህን በሌሊት ያየ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። አንዱ «ጅን ነው» ይላል፣ ሌላው «ዓይን በልቶት ነው»፣ ሦስተኛው «ምች ነው»። ትንሽ የተማረው ደግሞ «ሳይነስ ነው» ብሎ ይገላገላል። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ ቁርኣን የሚቀራበት ታማሚም የታደለ ነው። ግን ምርመራን የሚያስቀር ሩቅያ በየትኛው ኪታብ አለ? ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጧት ላይ ሰውየው ምንም እንዳልሆነ ሰው ክፍል ገብቶ መቀመጡ ነው። ማን ያምነዋል?

ከዚህ ህመም ጋር የሚኖር አንድ ወጣት ከደርስ በኋላ ቆሞ የጠየቀኝን ልንገራችሁ። «ኡስታዝ፣ ሲነሳብኝ እጮሃለሁ። የዶርም ልጆች ‹ሶብር አድርግ› ይሉኛል። ሶብር የለኝም ማለት ነው? አጅሬ ቀረ?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንዳንዶቻችን ሶብርን ከዝምታ ጋር አንድ አድርገን ነው ያደግነው። ጥርሱን የነከሰ ሳቢር ነው፣ ያቃሰተ ኢማኑ ደከመ። ሱናውን ስናይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አንድ ቀን ራሳቸውን አሟቸው «ኧረ ራሴን!» አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ዝም በይ» አላሉም፤ ስለ ሶብርም ትምህርት አልጀመሩም። በሕይወት እያለሁ ብትሞች ምሕረት እለምንልሽ፣ ዱዓም አደርግልሽ ነበር በሚል ነገር ተጫወቱባቸው። እርሳቸውም የዋዛ አልነበሩም፤ ሞቴን የምትፈልግ ይመስለኛል፣ እኔ ብሞት ምሽቱን ከሌላዋ ሚስትህ ጋር ታሳልፍ ነበር ብለው መለሱ። ነቢዩም ያኔ ይልቅስ የእኔ ራስ ነው የሚታመመው የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናገሩ። ያ ወቅት ወደ አኺራ የሄዱበት ህመም የጀመረበት ነበር። ሁለቱም አሟቸዋል፣ ሁለቱም ተናገሩት፣ በመካከላቸው ቀልድ አለ፣ ፍቅር አለ። ኢማሙል ቡኻሪ ይህን ሐዲስ ያስቀመጡት ታማሚ «አመመኝ» ወይም «ኧረ ራሴን» ማለት እንደሚፈቀድለት ለመግለጽ በከፈቱት ባብ ስር ነው። በዚያው ባብ አዩብን (ዐ.ሰ.) ያነሳሉ። አዩብ ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ አላህ ግን ታጋሽ ብሎ ነው ያወሳቸው። ያዕቁብም (ዐ.ሰ.) ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል፤ ሶብራቸው ግን ያማረ ነበር።

ዑለሞቻችን የሚለዩት በሁለት ነገሮች መካከል ነው። አላህን መክሰስ አንድ ነው፤ የአላህ ባሪያ ምን እንደሚሰማው መናገር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሶብርን ያጎድላል። ሁለተኛው ለሐኪም ካልተነገረ ሕክምና የለም፣ ለወንድም ካልተነገረ ዱዓ የለም። በዚያ ላይ በዚህ ህመም የሚነሳ ሰው መጮሁንና መንጎራደዱን መርጦ አያደርገውም። ዕረፍት ማጣቱ ራሱ ሐኪሞች ህመሙን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ልጁን «ሶብርህ ያለው በጩኸትህ ውስጥ ሳይሆን ከጩኸቱ በኋላ ለሱብሒ በመነሳትህ ውስጥ ነው» አልኩት።

ነገር ግን የልጁ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ወልዶብኛል፤ ዛሬ የጻፍኩትም በእሱ ምክንያት ነው። «ሶብር አድርግ» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ለምን ቆሰለበት?

እንግሊዝ አገር የዚህ ህመም ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚረዳዱበት አንድ ማህበር አለ። የስሙ ፊደላት ሲገጣጠሙ «አውች» ይላሉ፤ ፈረንጅ ሲያመው የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ የኛ «ወይኔ» እንደማለት። ስማቸውን ጩኸት አድርገውታል። በአሜሪካም ተመሳሳይ ስብስቦች አሉ። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ህመሙን «አውሬው» ይሉታል። ሊነሳ ሲል ወይም ከሄደ በኋላ የሚቀረውን ስሜት «ጥላ» ይሉታል። ሲሰነባበቱ ደግሞ ከህመም ነፃ የሆነ ቀንና ሌሊት ይመኛኛሉ። ሌሊቱን ለይተው መጥራታቸውን ልብ በሉ፤ ይህን የሚያስብ ሌሊቱን የሚፈራ ሰው ብቻ ነው። ከነሱ አንዱ ለሌላው «ቻለው፣ ያልፋል» ሲል አይቆስልም። ያው የኛ ቃል ነው። ልዩነቱ ቃሉን የሚናገረው ሰው ትናንት ሌሊት የት እንደነበረ ነው።

ሶርፍ የተማራችሁ ይህን አስተውሉ። ሱረቱል ዐስር ውስጥ ስለ ሶብር አደራ መባባል የተነገረበት ግስ የሁለት ወገን ግስ ነው፤ «ተፋዐለ» በሚለው ሚዛን የመጣ። አማርኛችንም ይህን ልዩነት ያውቃል፦ መምከር አለ፣ መመካከር አለ። አንዱ ቆሞ ሌላው ተኝቶ የሚነገረው ሶብር መምከር ነው። አብሮ ተቀምጦ፣ ከሸክሙ የተወሰነውን ተቀብሎ የሚነገረው መመካከር ነው። እኔ ይህ ህመም የለብኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ የታመመውን ያህል የመናገር መብት የለኝም፤ የመስማት ግዴታ ግን አለብኝ።

«ታማሚ ከታማሚ ጋር ሲሰበሰብ ህመሙን ያባብሳል፣ የሸክዋ መጅሊስ ይሆናል» የሚል ሰው አለ። አንዳንዴ እውነት አለው። የማን ህመም ይበልጣል ወደሚል ፉክክር የሚወርድ ጨዋታ አለ። ከዚህ የባሰው «ለእኔ ሠርቶልኛል» እየተባለ መድኃኒት መቀባበል ነው። ለመከላከያ የሚሰጠው ቬራፓሚል የልብ ምርመራ ይፈልጋል፤ ከጓደኛ ኪስ የሚወሰድ ኪኒን አይደለም። በውጭ አገር አእምሮን ስለሚቀይሩ እንጉዳዮች የሚመካከሩም አሉ፤ እሱ ሐኪምና ዓሊም አብረው ሊያዩት የሚገባ እንጂ በስልክ መልእክት የሚወሰን ነገር አይደለም። ቢሆንም ከዚያ መጅሊስ የሚገኘው ጥቅም ያመዝናል ባይ ነኝ። አንድ ታማሚ ስለ ኦክስጅን የሚሰማው ከሌላ ታማሚ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሙከራ በደቂቃ 12 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል ለ15 ደቂቃ ከተሰጣቸው ህመሞች 78 በመቶው እንደለቀቁ አሳይቷል፤ ተራ አየር ሲሰጥ የለቀቀው 20 በመቶው ነበር። ሱማትሪፕታን የተባለ መርፌም አለ። የተለመደው የራስ ምታት ኪኒን ግን እስኪሠራ ድረስ ህመሙ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኢሕራም ላይ እያሉ እንኳ በራስ ህመም ምክንያት ራሳቸው ላይ ዋግምት አድርገዋል። መታከም ሱና ነው።

ታዲያ ህመሙ የሌለብን እኛ ምን እናድርግ? መጀመሪያ እንመን። ከዚያ ሥራ አለ። አብሮት የሚያድር ጓደኛ የተነሳበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ ዓይኑ መቅላት አለመቅላቱን በደብተር ይጻፍለት፤ ለነርቭ ሐኪም ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ሐኪሙ የጻፈለትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ይያዝለት፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ታማሚው መናገር አይችልም፣ «ራሴን አመመኝ» ያለ ሰው ደግሞ ወረፋ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። በህመሙ ሰዓት አትንኩት፣ አታስተኙት፣ ጥያቄ አታብዙበት፤ በሩ አጠገብ ሁኑ። ደግሞ ከባድ ራስ ምታት ሁሉ ክላስተር አይደለም። ድንገት የመጣ ከዚህ በፊት ያልታየ ህመም፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ወይም እጅና እግር የሚያሰንፍ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ አልሸሸውም። ይህ ህመም ሰውን ሞት እስከ መመኘት ያደርሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በደረሰብን ጉዳት ምክንያት ሞትን እንዳንመኝ ከልክለዋል። ግን በክልከላው አላቆሙም። የግድ መናገር ያለበት ሰው፣ ሕይወት የሚሻለው እስከሆነ እንዲያኖረው፣ ሞት የሚሻለው ሲሆን እንዲወስደው አላህን እንዲለምን አስተማሩ። ይህ የሚነግረን ያ ስሜት በሙእሚን ልብ ውስጥ ሊመጣ እንደሚችል ያውቁ እንደነበር ነው። ወንድማችሁ «መሞት ይሻለኛል» ካለ «ኢማንህ ደክሟል» አትበሉት። ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ለቤተሰቡ ንገሩ፣ ሐኪም ጋር ይዛችሁት ሂዱ። ሚስጥር ጠብቅልኝ ቢልም።

ስለ ጾም የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ጉባኤው ኦክስጅን መተንፈስም ሆነ ለምግብነት ያልሆነ መርፌ መወጋት ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። በቀን ኪኒን መዋጥ ያለበት ግን ታማሚ ነው፣ ሩኽሷ አለው፤ ያፈጥርና በኋላ ቀዷ ያወጣል። ከፈጅር በኋላ የሚተኙትን የቀን እንቅልፍ ህመሙን የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ስላሉ ከረመዷን በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ሶላት ላይ ከተነሳባችሁ አቋርጣችሁ፣ ሲለቃችሁ ስገዱ፤ ወቅቱ ሊወጣ ከሆነ በምትችሉት ሁኔታ፣ ተቀምጣችሁም ቢሆን።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓት በዱዓ ስታሳልፉ ይህን ህመም የያዛቸውን አትርሱ። ያ ሻፊ፣ የዛሬዋን ሌሊት አስተኛቸው። ኣሚን።