ተመልሶ ለማይመጣ ገዢ

ለንደን የደረሰ መንገደኛ ጥሩ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ፍለጋ ሲወጣ፣ ሳያስበው ከአንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ጋር ይጋፈጣል። ነገ ተመልሶ የማይመጣውን፣ ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ የማያውቀውን፣ ቢከፋውም አቤት የሚልበት የሌለውን ሰው በሐቅ እንድናስተናግደው የሚያስገድደን ምንድን ነው?

ምግቡ ራሱ ቀላል ነው። ከአጥንቱ የተለየ ነጭ ዓሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮድ ወይም ሃዶክ የሚባለው፣ በቀጭን ሊጥ ተነክሮ በጋለ ዘይት ይጠበሳል፤ ወፈር ተደርጎ ከተቆረጠ ድንች ጋር ጨውና ኮምጣጤ ተነስንሶበት ይቀርባል። እንግሊዞች የማንነታቸው ምልክት አድርገው ቢያዩትም አመጣጡ የስደተኛ ነው። ዓሣን እንዲህ ጠብሶ መብላትን ወደ ለንደን ያመጡት ከስፔይንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች እንደሆኑ ይነገራል፤ ድንቹም የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው። ሁለቱን አጣምሮ ለመሸጥ የመጀመሪያው በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ በምሥራቅ ለንደን ሱቅ የከፈተው ጆሴፍ ማሊን የተባለ አይሁዳዊ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ በሰሜን እንግሊዝ በሞስሊ ከተማ በ1863 የጀመረው ጆን ሊስ ነው ብለው የሚከራከሩም አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥጋው፣ ቅቤውና ስኳሩ በራሽን ሲታደል ዓሣና ድንች ግን ራሽን አልገባም፤ የሠራተኛው ሕዝብ እራት ነበርና።

እንግዲህ አመጣጡ እንዲህ ለተደባለቀ ምግብ «እውነተኛውን» እፈልጋለሁ ብሎ መንከራተት ብዙም አያዋጣም። መፈለግ ያለበት ጥሩው ነው። ጥሩነቱም በጥቂት ነገሮች ይለካል፤ ዘይቱ ያልሰነበተ መሆን አለበት፣ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም መጋል አለበት፣ ዓሣው ደግሞ ከታዘዘ በኋላ መጠበስ አለበት። ተጠብሶ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በሙቀት የቆየ ዓሣ፣ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ «ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ» የሚል ሻጭ መልካም ምልክት ሰጥቷል። ችግሩ መንገደኛው ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ ሊያይ አለመቻሉ ነው። ሰልፍ አይቶ ልግባ ቢልም፣ በትልልቅ አደባባዮች ዙሪያ የሚታየው ሰልፍ እርስ በርሱ የሚተያይ የመንገደኛ ሰልፍ ነው። በስልኩ ላይ የሚያነበውን የኮከብ ብዛትም ቢሆን የሰጡት እንደ እርሱው አንድ ቀን በልተው የሄዱ ሰዎች ናቸው።

ልምድ ያላቸው ተጓዦች «የሰፈሩ ሰው ወደሚበላበት ሂድ» ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ትክክል ነው። በውስጡ ያለው እምነት ግን ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ሻጭ ሐቀኛ የሚሆነው ገዢው ነገም የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው እንደ ማለት ነው። ቋንቋችንም ይህን ሐሳብ በሆዱ ይዟል። «ደንበኛ» የምንለው ዘወትር ከአንድ ቤት የሚገዛውን ሰው ነው፤ «ደንበኛ ሐኪም» ስንል ደግሞ ትክክለኛ፣ እንደ ደንቡ የሆነ ማለታችን ነው። አላፊ አግዳሚው በቃል ደረጃ እንኳ ደንብ አልወጣለትም።

የጀርመኑ ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ያነሣል። ባለሱቁ ልምድ የሌለውን ገዢ አያታልልም፤ ሕፃን ልጅ ቢመጣ እንኳ እንደ ማንኛውም ሰው በእኩል ዋጋ ይሸጥለታል። ካንት ግን ከዚህ ተነሥተን ሰውየው ለሐቅ ሲል ሐቀኛ ሆነ ማለት አንችልም ይላል፤ የገዛ ጥቅሙ እንዲህ እንዲያደርግ ይመክረዋልና። በእርግጥም ሱቅ የተላከ ሕፃን ከኋላው እናት አለችው፤ ብትታለል ነገ በሩ ላይ ቆማ የምትጮህ እናት። መንገደኛው ግን እናቱ ሩቅ ናት።

እኔ ካንት ለሙያ የሚገባውን ቦታ አልሰጠም ባይ ነኝ። ዓሣ ጠባሹ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ጥቅሙንና ሐቁን እየመዘነ አይሠራም። እጁ የለመደውን ይሠራል። ለጎረቤቱ ትኩሱን፣ ለእንግዳው የከረመውን ለማቅረብ ሁለት ዓይነት እጅ ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ አድካሚ ነው። እጁን ያስለመዱት ግን ለዓመታት የተመላለሱት፣ ሲበላሽ የተቆጡት፣ ሲጣፍጥ ያመሰገኑት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከመሐል ከተማ ርቆ ወደ መኖሪያ ሰፈር የሄደ መንገደኛ የሚበላው በሰው ደንበኝነት ነው። ባልከፈለበት መተማመን ይጠቀማል። በባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው መጥበሻ ቤት መጥፎ ቢሆን ባለቤቱ ከሌላው የከፋ ሰው ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ የሚቆጣው ጎረቤት ስለሌለው እንጂ።

የእጅ ልማድ የማይደርስበት ግን አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም አንደበት ነው። በለንደንና በአካባቢው ባሉ መጥበሻ ቤቶች «ሮክ ሳልመን» የሚባል ዓሣ ይሸጣል። ሳልመን ግን አይደለም፣ ትንሽ ሻርክ ነው። በ2019 የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ባሉ ስሞች ከሚሸጡት መካከል ለመጥፋት የተቃረበ የሻርክ ዝርያ አግኝተዋል። የሰፈሩ ሽማግሌ ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋልና አልተዋሸም፤ ሳልመን የሚለውን ቃል ብቻ አንብቦ ያዘዘው እንግዳ ግን ተዋሽቷል። አንድ ቃል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለአንዱ ስም፣ ለሌላው ማታለያ ሆነ። ተርጓሚ እንዲህ ያለውን ቃል ሲያገኝ ይቸገራል። ቃል በቃል «የዐለት ሳልመን» ቢል ውሸቱን ወደ ሌላ ቋንቋ ያሻግራል፤ «ሻርክ» ቢል ደግሞ ሻጩ ያላለውን ተናገረ ይባላል። እኔ ሻርክ እላለሁ። አንባቢ ለቃሉ ባዕድ ነው፤ ለባዕድ የሚነገረው ደግሞ የሰፈሩ ሰው ከቃሉ በስተጀርባ የሚያውቀው ነገር መሆን አለበት። (በየጠረጴዛው ላይ ኮምጣጤ እየተባለ የሚፈስሰውም ብዙ ጊዜ ውኃ፣ አሴቲክ አሲድና ማቅለሚያ ነው፤ ሕጉ ኮምጣጤ ብሎ መሸጥን ይከለክላል። በዚህኛው ግን ሆድ የሚያስብስ ነገር አላየሁም።)

ከሁሉም የሚከብደው የስቡ ጉዳይ ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይም በዮርክሺር፣ ብዙ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ስብ ነው፤ በለንደንም እንዲሁ የሚያደርጉ አይጠፉም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ድንቹን ብቻ ያዘዘ አንድ ጿሚ ወገናችንን እናስብ። ከጎኑ ሥጋ የማይቀምስ ሂንዱ ቆሟል። ሁለቱም «በምንድን ነው የሚጠበሰው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚሰጣቸውን መልስ በዓይን አያረጋግጡትም፤ ምላሳቸውም ሥጋ የለመደውን ሰው ያህል አይለይላቸውም። ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፤ ድንቹም ተቆርጧል። «በዘይት ነው» ቢላቸው የሚጎድልበት የለም። «በበሬ ስብ ነው» ካለ ሁለት ሰው እራቱን ሳይገዛ ይወጣል። እንዲህ ብለው የሚመልሱ ጠባሾች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥተው፣ በአትክልት ዘይት የሚጠብሰው ቤት በየትኛው መንገድ እንደሆነ በእጃቸው ያመለክታሉ።