በሰው አገር የፍሬ ዛፍ ስለ መትከል

ከአሌክሳንድርያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ወገኖቻችን ጓሮ የገባ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጎመኑ አለ፤ ቃሪያው አለ፤ ጤና አዳሙና በሶብላው በባልዲ ሳይቀር በቅሎ ይታያል። የፍሬ ዛፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ከቦታ ጥበት ብቻ የመጣ ነው ብንል እውነቱን ሁሉ አልተናገርንም፤ አጭር የኮክ ዛፍ ጥቂት ክንድ መሬት ይበቃዋልና። ጎመን በተዘራበት ዓመት ተቀንጥሶ ይበላል፤ ዘሪውን ስለ ነገ አይጠይቀውም። ዛፍ ግን ገና ጉድጓዱ ሲቆፈር «እስከ መቼ ትቆያለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ስደተኛ ደግሞ ይህን ጥያቄ አይወድም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው እንግዲህ ይህ ነው፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ተስፋ የሚያደርግ ሰው በሰው አገር ዛፍ ሊተክል ይገባዋልን? ቢተክልስ ለማን ይተክላል?

«አይገባውም» የሚሉ ወገኖች ነገራቸው የሚናቅ አይደለም። ሰው ሥር በሰደደበት ልቡም ይቀራል ይላሉ። ከአብዮቱ በኋላ በሱዳንና በሌላም በኩል አልፈው ወደዚህ ከተማ ከገቡት መካከል ሻንጣቸውን ለዓመታት ከአልጋ ሥር ያላነሡ፣ የቤት ዕቃ መግዛትን እንኳ እንደ ክሕደት የቈጠሩ ነበሩ። «ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ» ይሉ ነበር። በዚህ መሳቅ አይገባም። ቋንቋውንና ሥርዐቱን ለልጆቹ ጠብቆ ያቆየው በአብዛኛው ያው ሻንጣውን ያልፈታው ሰው ነው።

ነገር ግን ዛፍ አለመትከል የስደት ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በአገራችንም ታይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ መሬት በየጊዜው ተደልድሏል፤ በዐማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተደረገውን ድልድል ብዙዎች ያስታውሱታል። እርሻው ነገ ለሌላ እንዳይሰጥ የሚሠጋ ገበሬ ጤፉንና ገብሱን ይዘራል እንጂ ልጁ የሚበላውን ዛፍ ለመትከል እጁ አይፈታለትም። በአንጻሩ በጣና ዳር ያለውን ዘጌን እንመልከት። በትውፊት እንደሚነገረው ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ሕዝቡ ከቡና፣ ከጌሾና ከሎሚ ሲኖር ኖሯል። አያት የተከለውን የልጅ ልጅ ይለቅማል። ልዩነቱ በትጋት አይመስለኝም፤ አንዱ ነገን ስለሚያምን፣ ሌላው ማመን ስላልቻለ ነው።

ይህንን ክርክር ከእኛ በፊት የተከራከሩ ነበሩ። ሐናንያ የተባለው ነቢይ በኢየሩሳሌም ቆሞ ወደ ባቢሎን የተማረኩት በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ እያለ ሕዝቡን ደስ አሰኘ። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ስለ ከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኤርምያስ አገሩን የተወ ሰው በመሰለ ነበር። ዳሩ ግን ያው ነቢይ ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ ሳለች 17 ሰቅል ብር መዝኖ በዓናቶት እርሻ ገዛ፤ የውሉንም ጽሑፍ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። ተክላችሁ ብሉ ያለውና በጠፋች አገር መሬት የገዛው አንድ ሰው ነው። በመካከላችን ግን አንዱ ወገን ደብዳቤውን ብቻ፣ ሌላው ወገን እርሻውን ብቻ ሲጠቅስ እንሰማለን።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። በደብዳቤው የተነገረው ዘመን 70 ዓመት ነበረ። በሠላሳ ዓመቱ የሰማው ምርኮኛ በእግሩ እንደማይመለስ ዐወቀ። የሚመለሱት የልጅ ልጆቹ ናቸው፤ እነርሱም ሲመለሱ አትክልቱን ለባቢሎን ሰው ትተው ነው የሚሄዱት። እንግዲያስ ያ ሰው ለማን ተከለ? ፍሬውን ጥቂት ዘመን ራሱ በላ፣ ልጆቹ በሉ፣ የቀረውን ባዕዳን በሉት። ይህን እያወቀ ነበር መቆፈሪያውን ያነሣው።

በአገራችንም ባዕዳን ተክለው የሄዱት ፍሬ አለ። በጋሞ ደጋ በጨንቻ ዛሬ የታወቀውን ፖም ያስገቡት ሚሲዮናውያን ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የጨንቻ ገበሬ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ችግኙንም እየሸጠ ልጆቹን አስተማረበት። ፖም ደጋ የሚወድበት ምክንያት አለው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ካልተኙ ደኅና አድርገው አያብቡም። እኛ እንደ ቅጣት የምንቈጥረውን የዋሽንግተን ብርድ ፖም እንደ እንቅልፍ ይሻዋል።

እንግዲህ ይተከል ካልን፣ ተክሎ መተው ከአለመትከል የሚሻል አይደለም። ዘይቱንና ማንጎ የዚህን አገር ብርድ በውጭ ሆነው አያልፉም። በአዲስ አበባ ገበያ በክረምት የምናውቀው ኮክ ግን እዚህ ከሚሸጠው ጋር አንድ ዘር ነው፤ በዚህ አገር በሐምሌና በነሐሴ ይበስላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ያፈራል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ 15 ዓመት ቢቆይ ጥሩ ነው። በየዓመቱ መገረዝ ይፈልጋል። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ ማሳሳት ይገባል፤ አለዚያ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ በሐምሌ ሙቀትና እርጥበትም ፍሬው በዛፉ ላይ ይበሰብሳል። የተረፈውን ሽኮኮ ይካፈላል፤ በዚህ ጉዳይ ከሽኮኮ ጋር የሚደረግ ውል የለም። በኦሪት ዘሌዋውያን የተተከለ ዛፍ ፍሬ ሦስት ዓመት እንዳይበላ፣ አራተኛው ዓመት ለእግዚአብሔር እንዲሆን፣ በአምስተኛው እንዲበላ ታዟል። የዘመኑም አትክልተኛ ሥሩ እንዲጸና የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አበባ ቀጥፈህ ጣል ይላል። ለቸኰለ ሰው ሁለቱም ከባድ ትእዛዝ ናቸው።

በኮሎምቢያ ሃይትስ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቈጠሩት ተያያዥ ቤቶች እርሳስ የተባለው ማዕድን ባለበት ቀለም ለብዙ ዘመን ተቀብተዋል፤ ይህ ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ነው። የተላጠው በአፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ዛፍ እርሳሱን ወደ ፍሬው እምብዛም አያወጣውም፤ አደጋው ልጆች በሚጫወቱበት አፈርና አቧራ ነው። ስለዚህ አፈሩን ማስመርመር ይቀድማል፤ እንጆሪን የመሰለ መሬት የሚነካ ፍሬም ንጹሕ አፈር በሞላ ሣጥን ይተከል። ብሉቤሪ የሚፈልግም እንዲሁ፤ እርሱ ኮምጣጣ አፈር ካላገኘ ቅጠሉ እየገረጣ ይሞታልና።

የዚህ ሰፈር ነገር ጥያቄያችንን ያጠብቀዋል። በ1968 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዐሥራ አራተኛው ጎዳና ከተቃጠለ በኋላ ሰፈሩ ለብዙ ዘመን የተተወ ነበር። በ1999 የምድር ባቡር ጣቢያው ሲከፈት የቤት ዋጋ ወደ ላይ ወጣ፤ ኪራዩ የከበደውም፣ ቤቱን በጥሩ ዋጋ የሸጠውም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድርያ ሄደ። ዛፍ ግን በጭነት መኪና አይሄድም። ቤቱን ሊሸጥ ሲል «ማንም አይበላውም» ብሎ ያፈራ ዛፍ የቈረጠ ሰው እንዳለ ሰምተናል። ያ ሰው በሕግ ባለመብት ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን በደለ። ኦሪት ከተማ ከብቦ የሚዋጋውን ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፍ አትቍረጥ ትላለች። ለጠላት ዛፍ ይህን ያህል ከታሰበ፣ በገዛ እጁ ውኃ ያጠጣውንማ! ዛፉን የተከለ ሰው በፍሬው ላይ መብት አለው፤ ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ሰው ረኃብ ወይም ጥጋብ ላይ ግን መብት የለውም።

ከኮሎምቢያ ሃይትስ በስተምሥራቅ ጥቂት ራመድ ሲሉ በፓርክ ቪው ሰፈር ዋንጋሪ የተባለ የጋራ አትክልት ቦታ አለ። ስሙ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለችው የኬንያዋ የዋንጋሪ ማታይ ነው። አፍሪካዊት ሴት ዛፍ በማስተከል ስሟ በዚህ ከተማ አፈር ላይ ተጽፎ ሳለ፣ በአጠገቡ ለዓመታት ያለፍን ብዙዎች ነን።

በኪራይ ቤት ላለና ነገ የት እንደሚያድር ለማያውቅ ሰው ከሁሉ የሚስማማው በለስ ይመስለኛል፤ ቁልቋሉን ሳይሆን ዛፉን ማለቴ ነው። ብርዱ ሲጠና ግንዱ እስከ መሬት ይደርቃል፤ በጸደይ ግን ብዙ ጊዜ ከሥሩ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ደግሞም ባለቤቱ ሲሄድ ዛፉን ለቀጣዩ ትቶ ቅርንጫፉን ይዞ መሄድ ይችላል። በየካቲት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሳለ፣ የትንሽ ጣት ውፍረትና የአንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ተቈርጦ ግማሹ በእርጥብ አፈር ይቀበራል። በአንድ ወይም በሁለት ወር ሥር ይሰዳል። ዛፉ ያለው ጎረቤት ቅርንጫፍ ተለምኖ እምቢ ሲል እስካሁን አልሰማንም። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ብቻ ማሰሮውን ወደ ምድር ቤት ማስገባት ነው፤ ቅጠሉ ቢረግፍም ሞተ ብሎ መጣል አይገባም።