ስለ መቆሚያ ምድር

ፍጡር ሁሉ የሚቆምበት ስፍራ የህላዌው ክፍል ነው ወይስ ከውጭ የተደረበለት ነገር? አርስጣጣሊስ ስለ ነገሮች ሊነገር የሚችለውን ሁሉ በ10 ክፍል ለይቶ በጻፈ ጊዜ፣ «የት» የሚለውን ከባሕርይ ለይቶ፣ ከመጠንና ከጊዜ ጋራ፣ በባሕርይ ላይ ከሚደረቡት መካከል ቈጥሮታል፤ ሰው በገበያ ቢቆም በትምህርት ቤትም ቢቆም ያው ሰው ነውና። ኦሪት ዘፍጥረት ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ይጀምረዋል። ምድር በሦስተኛው ቀን ከውሃ ተለይታ ትገለጣለች፤ ሣርንና ዛፍን ታበቅላለች፤ ሰውም በስድስተኛው ቀን ከዚያችው ከምድር አፈር ይበጃል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተገኘ ሲያስተምሩ፣ ሰው የሚቆምባት ምድር ዘመዱ እንደ ሆነች መናገራቸው ነው።

እኔ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥሁት ምሳሌ ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቈጥረው አንድ ሙያ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ይልቁንም ዋርሃመር የተባለውን የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚያወጣው ኩባንያ በሚገኝባት በኖቲንግሃም፣ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ያህል የሆኑ የወታደሮችና የአፈ ታሪክ ፍጥረታት ምስሎች ይሠራሉ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የጨዋታው ወዳጆችም እየገዙ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀቧቸዋል። እያንዳንዱ ምስል ብዙውን ጊዜ ስፋቷ 25 ወይም 32 ሚሊሜትር በሆነች ክብ የፕላስቲክ መቆሚያ ላይ ይተከላል። ፊቱን፣ ጥሩሩንና ካባውን ሲቀባ የሰነበተ ሰው ያችን መቆሚያ እንደ ትርፍ ሥራ ቈጥሮ በአረንጓዴ ቀለም አልብሶ ሊያልፋት ይችላል፤ ሙያውን የሚያከብር ግን ለእርሷም ምድር ያበጅላታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪው አሮጌ ብሩሽ በነጭ ኮላ ነክሮ፣ የምስሉን ጫማ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ የመቆሚያዋን ፊት ይቀባና ደረቅ አሸዋ በተሞላ ሳሕን ውስጥ ይጫናታል፤ ትርፉን አራግፎም እስኪደርቅ ያቆያታል። ከዚያ በኋላ አሸዋውን በጠቈረ ቡናማ ቀለም ያለብሰዋል፤ ቀጥሎም ፈዘዝ ያለ ቀለም የነካውን ሌላ ብሩሽ በጨርቅ ላይ እየጠረገ፣ ቀለሙ አለቀ ሊባል እስኪደርስ ድረስ ካደረቀው በኋላ፣ በአሸዋው ላይ ከላይ ከላይ ያንሸራሽረዋል። በዚህ ጊዜ የቅንጣቱ ጫፍ ጫፍ ብቻ ብርሃን እንደ ነካው ሆኖ ይፈካል፤ በመካከል ያለው ጐድጓዳ ሁሉ በጥላ ይቀራል። ለሣር የናይሎን ጭረት በኤሌክትሪክ ኃይል ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ በኮላው ላይ ይረጫል። ለረገፈ ቅጠል ደግሞ በርች የተባለው የሰሜን አገር ዛፍ የፍሬ ዘለላው በጣት ሲፈረፈር፣ ከዘሩ ጋራ የሚወጣው ገለባ ባለ ሦስት ጫፍ ስለ ሆነ፣ ፍጹም ቅጠል መስሎ ይታያል።

እንግዲህ በጥንተ ፍጥረት ምድር ቀድማ ሰው ተከተለ፤ በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ግን ሰው ይቀድማል፣ ምድርም ለእርሱ ስትባል በመጨረሻ ትበጃለች። የዚህ ሙያ ጥበብ ያለው ደግሞ ይህን የተገለበጠ ቅደም ተከተል በመሰወር ላይ ነው፤ ሣሩ ከተረከዙ አጠገብ ካልተረገጠ፣ ጭቃውም ከጫማው ተነሥቶ እስከ ካባው ዘርፍ ካልወጣ፣ ምስሉ በዚያ ምድር ላይ የተጣደ ዕቃ ይመስላል እንጂ በላዩ የተመላለሰ ሰው አይመስልም። ስለዚህ ብልኅ ሠሪ ያንኑ የምድሩን ቀለም በብሩሽ ጫፍ ወስዶ ጫማውንና የልብሱን ጫፍ ይነካካል። ይህን በተመለከትሁ ቍጥር የአርስጣጣሊስ ክፍፍል የጐደለው ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ ስፍራ ከሰው ውጭ ብቻ ሆኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ፣ ምስሉ ሕይወት ያለው እንዲመስል አፈሩ በልብሱ ላይ መገኘት ባላስፈለገው ነበር።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀኝ የአሸዋው ነገር ነው። በዚህ መጠን 1 ሚሊሜትር በእውነተኛው ዓለም 6 ሴንቲሜትር ያህል ትሆናለችና፣ ያች ኢምንት ቅንጣት በምስሉ እግር ሥር የእንቍላል መጠን ያላት ድንጋይ ናት። ከፍጥረት ወገን እንዲህ ማነስን የሚቀበል ሌላ ብዙ የለም። ውሃ አይቀበልም፤ ጠብታ ምንጊዜም ጠብታ ናት፣ ስለዚህ ወንዝ መሥራት የፈለገ ሰው ውሃን ትቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሙጫ ያፈሳል። ጨርቅም አይቀበልም፤ እውነተኛው ሣርም አይቀበልም። ድንጋይ ግን ተራራ ሲሆንና ጠጠር ሲሆን አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ዐለትን ፎቶግራፍ ሲያነሡ መዶሻ ወይም ሳንቲም ከአጠገቡ የሚያኖሩት፣ አለዚያ ተመልካቹ ገደል ይሁን ጓል መለየት ስለሚሳነው ነው። እንግዲህ በዚያች ክብ መቆሚያ ላይ ፊቱ የሥጋ ምሳሌ ነው፤ ጥሩሩም በቀለም የተመሰለ ብረት ነው፤ ሣሩም ቅጠሉም ሌላውን ነገር ተክተው የቆሙ ናቸው። አሸዋው ብቻ አሸዋ ነው። ሊቃውንቱ ምሳሌውንና አማናዊውን በሚለዩበት አነጋገር ለመናገር ከተፈቀደልኝ፣ በዚህ ሥራ አማናዊ የሆነው ነገር ማንም ልብ የማይለው፣ ከእግር በታች ያለው ነው።

ለዚህ ነገር የሚገባውን ክብር ከሁሉ አስቀድሞ የሰጠ ሰው ብጠየቅ ዊሊያም ሲቦርንን እጠራለሁ። ይህ የእንግሊዝ መኰንን በ1830 የዋተርሉን ጦር ሜዳ በትንሹ ቀርጾ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ፣ ላ ኤ ሴንት በተባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ ምድሩን ለካ። ነገር ግን ምድሩ የቀድሞው አልነበረም። ለጦርነቱ መታሰቢያ እንዲሆን ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን፣ አንበሳ የቆመበትን የአፈር ጕብታ ሲከምሩ፣ አፈሩን የቈፈሩት በእንግሊዙ የጦር አለቃ በዌሊንግተን የተመራው ሠራዊት ከቆመበት ከዚያው ጋራ ላይ ነበረና፤ ጕብታው በ1826 ሲፈጸም ምስክር የነበረው ምድር ለመታሰቢያው ሲባል ተቈርጦ ተወስዷል። ሲቦርን በዚህ ተስፋ አልቈረጠም። በሕይወት ላሉት መኰንኖች ደብዳቤ ጽፎ፣ ጦራቸው የት እንደ ቆመ ብቻ ሳይሆን፣ ጦርነቱ በተደረገበት በዚያ የሰኔ ቀን በአጠገባቸው በየእርሻው የበቀለው እህል ምን ዓይነት እንደ ነበረ ጠየቃቸው። ሰዎቹ የወዳጆቻቸውን ሞት ያዩበትን ሰዓት እንዲያስቡ ሲጠየቁ ስለ አዝመራው ጭምር መጠየቃቸው ለአንዳንዱ ከንቱ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ የላቀው ይህ ነው። በ1838 በለንደን ለሕዝብ የታየውና ዛሬ በዚያው ከተማ በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር የሚገኘው ሥራው ከ70,000 በላይ ጥቃቅን ወታደሮች አሉት፤ ከእነርሱም አንዱ እንኳ ያለ እርሻው አልቆመም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም የሰው ደም የፈሰሰበትን ነገር ለጨዋታና ለዓይን ደስታ ማድረግ ይገባልን የሚል ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ በጻፈው፣ በ1913 በታተመው መጽሐፉ መጨረሻ ትንሹ ጦርነት ከትልቁ እጅግ እንደሚሻል ተናግሯል፤ በዓመቱ ትልቁ ጦርነት መጣ። እኔ ጨዋታው ሰውን ከጦርነት ያርቃል ብዬ አልከራከርም፣ ወደ ጦርነት ይመራል ብዬም አልፈርድም። የምለው ይህን ነው፦ የአቤል ደም ወደ እግዚአብሔር የጮኸው ከምድር ነው፤ ያየችውንም የምትናገር እርሷ ናት። ወታደሩን አሳምሮ ምድሩን የረሳ ሠሪ ጦርነትን ያለ ምስክር አቆመ ማለት ነው፤ የተረገጠውን ሰብልና የተቈፈረውን ጭቃ የሠራ ግን፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ገበሬው በዚያ ዓመት ምን እንዳጣ አብሮ አስቀምጧል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የመቆሚያዋ ከንፈር ነው። ልማዱ ዙሪያዋን በጥቍር ወይም በቡናማ ቀለም አጥርቶ መቀባት ነው። አንዳንዶች ግን ምድሩ ድንበር ያለው እንዳይመስል አሸዋውንና ሣሩን እስከ ጠርዙ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ያፈሱታል። ውበቱን አልክድም፤ ሆኖም እኔ ጥርት ያለውን ከንፈር እመርጣለሁ፣ ሌሎችም ቢመርጡት እወዳለሁ፤ ሠሪው እስከዚህ ድረስ የእኔ ሥራ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም ብሎ በገዛ እጁ የሚያኖረው ድንበር ነውና፣ ለፍጡር የሚገባው አሠራር ይህ ይመስለኛል።