ማንም የማያየው ብየዳ

በነዳጅ ማጣሪያ ወይም በከፍተኛ ግፊት ቧንቧ ሥራ ሊቀጠር የሚመጣ ጀማሪ በያጅ አስቀድሞ ይፈተናል። የበየደው ቁራጭ ተቆርጦ ይታጠፋል ወይም ራጅ ይነሣል፤ ካለፈ የምስክር ወረቀቱን ይይዛል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ግን እጁ በዚያ ቀን የቻለውን ብቻ ነው። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ቢ31.3 የተሰኘው የቧንቧ መመሪያ ለተለመደ አገልግሎት በሚውል መስመር ላይ ቢያንስ 5 በመቶው የዙሪያ መጋጠሚያ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይጠይቃል። የተቀረውን ውስጡን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የበየደው ሰው ነው። ታዲያ ማንም የማያየው ሥራ ዕዳው ለማን ነው? በእኔ አስተያየት፣ ስሙን ለማያውቀውና ሕይወቱን በዚያ ብረት ላይ ለሚጥል ሰው ነው፤ ተቆጣጣሪው ሥራውን ስላሳለፈው ብቻ ዕዳው አይሰረዝም።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1980 በሰሜን ባሕር፣ በኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ፣ የሠራተኞች ማደሪያ የነበረው አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለ ተንሳፋፊ መድረክ ከአምስት እግሮቹ አንዱ ተገንጥሎ ተገለበጠ። ከ212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። መርማሪዎች እግሩን የገነጠለውን ስንጥቅ ተከትለው የደረሱት፣ የባሕር ውስጥ ድምፅ ለሚያዳምጥ መሣሪያ ማስቀመጫ ተብሎ በአንዱ ማገር ላይ ወደተበየደ፣ 6 ሚሊ ሜትር ወደሆነ የማዕዘን ብየዳ ነበር። ጭነት ይሸከማል ተብሎ ያልታሰበ ብየዳ! ስንጥቁ ውስጥ የቀለም ርዝራዥ ተገኝቷል፤ መነሻው መድረኩ ገና ሲቀባ እዚያው ነበረ ማለት ነው። ማዕበሉ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ላልሞላ ጊዜ ሠራበት።

ይህን ሁሉ በአንድ በያጅ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብረቱም ጥራት ይጎድለው ነበር፣ ንድፉም አንድ ማገር ሲበጠስ ጭነቱን የሚቀበል ሌላ አላበጀም፣ ፍተሻውም አልፎታል። የዚያን መድረክ በያጅ መክሰስም ሐሳቤ አይደለም። ሆኖም ተጠያቂነት እንደ ጋራ ወጪ አይከፋፈልም፤ ተጠያቂው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ አያንስም። መሐንዲሱ ሙሉውን ይጠየቅበታል፣ ተቆጣጣሪውም ሙሉውን፣ በያጁም ያወቀውን ያህል ሙሉውን። ጀማሪ ባልተማረው አይኮነንም፤ ስንጥቅ አይቶ በላዩ የደረበ ግን ሌላ ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ አንጥረኛውን ከመስፉ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ያለ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ከተማ እንደማይቆም ከመሰከረ በኋላ፣ በዳኛ ወንበር ግን አይቀመጡም ይላል። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛው ግን ለዛሬው በያጅ አይሠራም፤ እሱ በቀን ደጋግሞ ይፈርዳል፣ ይህ ይለፍ፣ ይህ ተፈጭቶ ይውጣ እያለ፣ ያውም ይግባኝ በሌለው ችሎት። (ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ማረሻውን ሲቀበለው የኖረ ማኅበረሰብ ይህን ዳኝነት ለማየት መዘግየቱ አይገርምም።)

በመጋጠሚያ ቁጥር የሚከፈለው ወጣት ግን ሕሊና የቤት ኪራይ አይከፍልም ይለናል። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የከበደው ይህ ነው፣ በስብከትም አይመለስም። የራሱን ጉድለት ያጋለጠ ሠራተኛ ገቢው የሚቀነስበት ቦታ፣ እውነት የተናገረውን ይቀጣል፤ ያን የክፍያ ሥርዓት ያወጣው ሰው ከበያጁ በፊት ይጠየቃል። ሥራ የሚያማርጥ ጀማሪ ጥቂት መሆኑንም አልክድም። ቢሆንም ሲቀጠር ስለ ደመወዙ ከሚጠይቀው እኩል፣ የተበላሸ ብየዳውን ፈጭቶ እንደገና ሲበይድ የሚፈጀውን ሰዓት ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ይችላል።