በዓልን በደስታ ጀምሮ በደስታ ስለ መፈጸም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፥ ኅዳር 15 ቀን የጀመርነው የነቢያት ጾም ወደ ፍጻሜው እየተቃረበ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችንን ልደት፥ ጥር 10 ቀን ከተራን፥ ጥር 11 ቀን ደግሞ ጥምቀቱን ለማክበር እንዘጋጃለን። መዝሙሩ እየተጠና ነው፤ የደንብ ልብሱ እየታጠበ ነው፤ እናቶቻችንም ለጠላውና ለዳቦው እየተሰናዱ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የሚደርሰው ቃጠሎ፥ መውደቅ፥ መታፈንና የመኪና አደጋ ግን በየዓመቱ የአንዳንዱን ቤት ደስታ ወደ ልቅሶ ይለውጠዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በበዓል ሰሞን ስለሚደርሱ አደጋዎችና ስለ መከላከያቸው ጥቂት እንድንነጋገር ወደድን።

ምናልባት አንዳንዶቻችን «ይህ የጤና ጥበቃ ትምህርት ነው፤ በመንፈሳዊ ጽሑፍ ምን ያደርጋል?» እንል ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይለይም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናልና። ልብ እንበል፤ ሕጉ የሚናገረው ሰውን ስለ ገፋ ሰው አይደለም፤ መከታ መሥራት ሲገባው ስላልሠራ ሰው ነው። በኦሪት ዘጸአትም ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የተወ ሰው እንስሳ ቢገባበት እንዲከፍል ታዝዟል። ለእንስሳ እንዲህ ከታሰበ በአምላክ አርአያ ለተፈጠረው ሰው እንዴት አብልጠን አናስብ?

ሌላው እንቅፋት «ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ ታቦቱ ይጠብቀናል» የሚለው አነጋገር ነው። እግዚአብሔር ጠባቂያችን መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ መላእክት ይጠብቁሃልና ራስህን ወርውር ያለው ማን እንደ ነበረ አንርሳ። ጌታችንም አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል። ጥንቃቄን ትቶ ጥበቃን መጠየቅ ከዚህ ፈተና ጋር የሚመሳሰል ነው።

እንግዲህ ከቤት እንጀምር። በታኅሣሥና በጥር የደጋው ሌሊት ይበርዳል። የልደትን ቅዳሴ አስቀድሰን በሌሊት ስንመለስ ከቤቱ አንድ ማንደጃ ፍም ይጠብቀናል። ቡናው ይፈላበታል፥ እግራችንን እንሞቅበታለን፥ ከዚያም በርና መስኮቱን ዘግተን እንተኛለን። ብዙ ሰው «ከሰሉ ፍም ሆኗል፥ ጭሱ ወጥቶለታል፥ ከእንግዲህ አይጎዳም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን አንዱንም ሳያውቅ በዚያው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ቡናው በር ተከፍቶ ይፈላ፤ ከመተኛታችን በፊትም ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። በአንድ ቤት ያሉ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው «ጠላው ነው» ብለን አንለፈው። ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን ፈጥነን ወደ ሐኪም ቤት እንውሰድ።

ሁለተኛው እሳትና ፍል ውኃ ነው። ምድጃችን ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ስለ ሆነ የዶሮው ድስት፥ የጋለው ዘይትና የጀበናው ውኃ በሕፃን እጅ ቁመት ላይ ይገኛሉ። እናቶች በሥራ በሚጣደፉበት በዋዜማው ሕፃናትን ከምድጃው አርቆ የሚጠብቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ለእኛ ለወጣቶች የሚገባ ሥራ ነው። ለበዓሉ ክብር የጎዘጎዝነው ቄጤማም ውሎ ሲያድር ይደርቃልና ፍም እንዳይወድቅበት፥ ጧፍም በላዩ እንዳይተው እንጠንቀቅ። የተቃጠለ ሰው ቢኖር ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ፥ ቀለበትና አምባር ሳያብጥበት ማውለቅ፥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል። ቅቤ፥ እንቁላል፥ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ግን ቁስሉን ለመመረዝ ያጋልጣል እንጂ አይፈውስም።

ስለ እርድም ጥቂት እንበል። ለቅርጫው በሬ ሲጣል ገመዱ አስቀድሞ ይፈተሽ፤ ሕፃናትና ሥራ የሌለው ሰው ይራቁ፤ የሳለ ቢላዋም መሬት ላይ አይጣል። ታሞ የወደቀን ከብት «ሳይሞት እንድረስበት» ብሎ አርዶ መከፋፈል አባ ሰንጋን ወደየቤቱ መበተን ነውና እንዲህ ያለውን ሥጋ ማንም አይቅመስ። ከ40 ቀናት በላይ የጾመ ሆድም ቀስ እያለ እንዲለምድ በልክ እንብላ።

ከቤት ወደ ሜዳ ስንወጣ የገናን ጨዋታ እናገኛለን። ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ጨዋታ ነው። ሆኖም በዚህ ጨዋታ የተመታ አይቆጣም መባሉ ሰውን ለመምታት ፈቃድ የሰጠ የሚመስለው አይጠፋም። ዱላው ከወገብ በላይ እንዳይነሣ እንስማማ፤ ታናናሾቻችን ከትልልቆቹ ጋር አይሰለፉ፤ ጠላ የጠጣም አይጫወት።

የጥምቀት በዓል ደግሞ የብዙ ሕዝብ በዓል ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር 11 ቀን በጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ የመዋኛ ቅጥር ለበዓሉ ከእንጨት የተሠራው መቀመጫ ሕዝብ ሞልቶበት ሳለ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ከመቶ የሚበልጡም ተጎድተዋል። ያ ዓመት በዓላችን በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት ዓመት ነበር። ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን። እነርሱ ለምን ሞቱ ብለን በእነርሱ ላይ አንፈርድም፤ ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ እንዳልሆነ አስተምሮናልና። ነገር ግን መድረክ፥ መቀመጫና ድንኳን የምንተክል ሁሉ በኦሪቱ የታዘዘውን መከታ ማሰብ ይገባናል። የሚችለው ክብደት በባለሙያ ይመርመር፤ ከሞላ በኋላም «አንድ ሰው ምን ይጨምራል» እያልን አንውጣ።

በሕዝብ መካከል የሚደርሰው መታፈን ክፋት ሳይኖር የሚመጣ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ያለው መጨነቁን አያይም፤ ታቦቱን ለመሳለም ጥቂት ይገፋል፤ የብዙዎች ጥቂት ግፊት ተደምሮ ደረትን የሚጨምቅ ኃይል ይሆናል። ስለዚህ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን በዳር በኩል እንምራ፤ ጠባብ በር ባለበት ሕዝቡን በየጊዜው እናሳርፍ፤ ነጠላ በአንገት አይጠምጠም። ግፊት የደረሰበት ሰው እጆቹን ከደረቱ ፊት አድርጎ ለሳንባው ቦታ ይያዝ፤ የወደቀበትን ጫማ ለማንሣት አይጎንበስ፤ ግፊቱን ሳይታገል በአግድሞሽ ወደ ዳር ይውጣ።

በውኃውም ዘንድ ከዛፍ ላይና ከግንብ ላይ ወደ ገንዳው የሚዘሉ ጎበዞች አሉ። በረከቱ በተረጨው ጠበል ይገኛልና መዝለሉ የበረከቱ ክፍል አይደለም። የውኃውን ጥልቀት ያላወቀ አይዝለል፤ ዋና የማይችልም አይግባ። ሰው ሲሰምጥ ብናይ ዋና ሳንችል ዘለን ሁለተኛ ሟች አንሁን፤ ዱላ፥ ገመድ ወይም ነጠላ እንወርውርለት። ስንመለስም ጠጅ ወይም አረቄ በጠጣ ሰው መኪና አንሳፈር፤ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለንም አንዘምር።

በመጨረሻ የእኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ድርሻ ምንድር ነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር አውጤኪስ የሚባል ወጣት በመስኮት ላይ ተቀምጦ ሳለ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ። ሐዋርያው ትምህርቱን አቋርጦ ወርዶ አቀፈው፤ ልጁም ዳነ፤ ጉባኤውም ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ቀጠለ። እኛም ከዚህ እንማር። በሰልፋችን መካከል ሰው ቢወድቅ ከበሮው ይቁም፥ መዝሙሩ ይቋረጥ፤ ዝማሬያችን ይበላሻል ብለን በወደቀው ላይ አንለፍ። በየምድቡ አንድ የመጀመሪያ ርዳታ የተማረ ይመደብ፤ ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907፥ በአዲስ አበባ ለእሳት 939 የሚደወል መሆኑን ሁላችንም በቃል እንያዝ፤ አምቡላንስ የሚያልፍበት መንገድም ክፍት ይሁን። የተጎዳን ሰው ጠበል ረጭተን ብቻ አንተወው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራልና ጠበሉንም ሐኪሙንም በየቦታቸው እንቀበል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንገባ አንድ ሥራ እንሥራ፤ ማታ ማንደጃው የት እንደሚያድር እንጠይቅ። ብቻዋን የምትኖር እናት፥ አንድ ክፍል የተከራየ ተማሪ በሰፈራችን ካለም ሄደን እንንገራቸው። በቤተልሔም በግርግም የተወለደው፥ በዮርዳኖስ የተጠመቀው አምላካችን ሁላችንንም ከልደቱ ወደ ጥምቀቱ በደኅና ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።